በር የሌለው ሜዳ

ሜዳ በር የለውም። አዳራሽ በር አለው፤ በበሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ይቆማል፤ ወንበሩ የተቆጠረ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ተመልካቹ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሜዳ ላይ የሚዜም ዜማ፣ የሚጨፈር ጭፈራ፣ የሚወርድ ምርቃት ግን ለማንም ክፍት ነው። እረኛው ከብቱን እያየ ጆሮውን ይሰጣል፤ ከገበያ የምትመለስ ሴት ሸክሟን ሳታወርድ ቆም ትላለች፤ ሕፃናት በአዋቂዎች እግር መካከል ሾልከው ከፊት ይገኛሉ። ታዳሚውን ከአላፊ አግዳሚው የሚለይ ገመድ አልተወጠረም።

እንግዲህ በዚህ ክፍት ሜዳ መካከል አንድ ስልክ ከፍ ይላል፤ «ላይቭ» ይከፈታል። አምቦ ላይ ቀትር ሲሆን ሚኒያፖሊስ ላይ ገና አልነጋም፤ ሆኖም እዚያ ያለ ስደተኛ ከእንቅልፉ ተነሥቶ የእናቱን አገር ጭፈራ ያያል። ሜዳው ሰፋ እንበል? ወይስ ሳናውቀው በር ተገጠመለት?

ይህን ጥያቄ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አምቦ አገር የሚያውቃት በማዕድን ውኃዋ ነው። ለእኔ ግን አምቦ ከሁሉ በፊት የድምፅ ከተማ ናት። የኪነት ቀጥታ ሥርጭት በዚህች አገር ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምንስ ማድረግ እንደማይችል ከማንም በላይ የተማረችው እሷ ናት። ትምህርቱ ውድ ዋጋ አስከፍሏታል።

በዚህ አካባቢ ኪነት ክብ ሠርታ ነው የምትቆመው። ጌረርሳ የሚያወጣው ሰው በመካከል ሆኖ ጀግንነቱን፣ በደሉን፣ ድኽነቱን፣ እስሩን ያወጣል፤ በዙሪያው ያሉት እየተቀበሉ ያበረቱታል። የረገዳ ጨፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው በእግራቸው ምድሩን፣ በአንገታቸው ዜማውን ይመታሉ፤ ጭብጨባው ከተመልካቹ ይመጣል። አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው ሲመርቁ ሕዝቡ በየሐረጉ «ሀ ታኡ» እያለ ይመልሳል። ይሁን ያላለ ሕዝብ ባለበት ምርቃቱ ለመራቂው ብቻ ይቀራል። በኢሬቻ ዕለት «መሬ ሆ» የሚለው ዜማ ከአንዱ አፍ ወጥቶ በብዙ ሺህ አፍ ካልተመለሰ ዜማ አይሆንም። በአዝማሪ ቤትም ነገሩ አንድ ነው፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው አሽሞንሙኖ ይመልስለታል። ግጥሙ የማን ነው ቢባል የሁለቱም ነው።

ከጌዶ ወዲያ በኢሉ ገላን ወረዳ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማእከል ነበር። ሕግ የተደነገገው፣ ሥልጣን የተሸጋገረው፣ ምርቃት የወረደው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ከግልጽ ሰማይ በታች ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። የማይዳሰስ ቅርስ የሚኖረው የሚያደርጉት ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው። ሕንፃ ሰው ቢለየውም ይቆማል፤ የሜዳ ኪነት ግን መላሽ ባጣ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ስለ ቀጥታ ሥርጭት የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ምስሉ ጠራ ወይ፣ ድምፁ ተሰማ ወይ የሚለው አይደለም። በሩቅ ያለው ሰው መመለስ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ከሩቅ ሆኖ መስማት ራሱ የቆየ ነገር ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በተደረገው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የኦፔራ ቤቱን ዝማሬ በስልክ ሽቦ እየሳበ በሌላ ቦታ ለተሰበሰቡ ሰዎች አሰምቷል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ መጣ፤ ቴሌቪዥን መጣ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንጃሚን በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ድርሰቱ የኪነት ሥራ በመሣሪያ ሲባዛ አንድ ነገር ይጎድልበታል ሲል ተከራከረ። የሚጎድለው ሥራው አሁን፣ እዚህ፣ በዚህ ስፍራ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መገኘቱ ነው። ክርክሩ ዛሬም ክብደቱን አልጣለም።

ቤንጃሚን ግን «እዚህ» እና «አሁን» የሚሉትን ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ነበር የተመለከታቸው፤ ሲጠፉም አብረው ይጠፋሉ። የቀጥታ ሥርጭት ሁለቱን ፈታቸው። «እዚህ»ን አስቀርቶ «አሁን»ን ብቻ ይልካል። የአምቦ ነፋስ፣ የአቧራው ሽታ፣ ጎን ለጎን የቆመው ሰው ትከሻ አይተላለፍም፤ ሰዓቱ ግን ይተላለፋል። ታዲያ ቦታ የሌለው «አሁን» ምን ይጠቅማል?

እኔ እንደሚመስለኝ ዋጋው ያለው ቀጥሎ የሚሆነውን አብሮ ባለማወቅ ላይ ነው። የተቀረጸ ዘፈን ካለቀ በኋላ ይደርሰናል፤ ዘፋኙ ተሳስቶ ከሆነ ታርሟል፣ ዝናብ መጥቶ ከሆነ ተቆርጧል። በቀጥታ የሚያይ ሰው ግን ከሜዳው ሰው ጋር እኩል አላዋቂ ነው። ድምፁ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መብራት ሄዶ ሞንታርቦው ዝም ሊል ይችላል፤ ዘፋኙ ያልታሰበ ግጥም ሊያወጣ ይችላል። የሚቀጥለውን ቅጽበት ከሌሎች ጋር መጠበቅ፣ ተስፋንና ፍርሃትን በአንድ ሰዓት መካፈል ከአብሮነት ዓይነቶች አንዱ ነው። አገር ቤት የታመመ ዘመድ ያለው ስደተኛ ይህን ያውቃል፤ ወሬውን በማግስቱ መስማትና ስልኩን ይዞ አብሮ ማደር አንድ አይደሉም።

ይህ «አሁን» ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አይተናል። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ1978 ዓ.ም. አምቦ የተወለደ፣ በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ያንጎራጎረ ድምፃዊ ነበር። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት ቆየ። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን «ሰኚ ሞቲ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኛውን የደረሰው በዚያ ነው። ከበር ሁሉ የጠበቀው በር የእስር ቤት በር ነውና፣ ዜማው ገና ከመነሻው በር የማይመልሰው ሆኖ ተወለደ ማለት ይቻላል። በ2010 ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ዕርዳታ ለማሰባሰብ በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ሃጫሉ ቆመ። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዝግጅቱን በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ሃጫሉ ያወጣው ጌረርሳ ነበር፤ የሜዳ ኪነት በጣሪያ ሥር ገባ። ግን በሥርጭቱ አማካኝነት ጣሪያው ተነሣ፤ በየከተማው፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየሳሎኑ ያለ ሰው በክቡ ዙሪያ ቆመ።

ያን ቀን ኃይሉ ከየት መጣ? ድምፁ ግሩም ነበር፤ ድምፁ ግሩም የሆነ ዘፈን ግን በየዓመቱ ይወጣል። ልዩነቱ ቀጣዩን ሐረግ ማንም አለማወቁ ላይ ነበር። አዘጋጁም፣ ባለሥልጣኑም፣ በቤቱ ሆኖ የሚያየውም ገበሬ በአንድ ትንፋሽ ጠበቁ። ያን ሐረግ ቀድሞ የሚቆርጥ እጅ አልነበረም። ጌረርሳ ድሮም እንዲህ ነበር፤ የልብን በፊት ለፊት መናገር። ያን ጊዜ ግን ፊቱ አገር ሆነ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሌላውን ገጽታ አየን። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። ሰኔ 25 ቀን አምቦ ላይ ቀብሩ ተፈጸመ። ሥርዓቱን ያው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በቀጥታ አስተላለፈ። ሽኝቱ ወደተደረገበት ስታዲየም ለመሄድ የተነሡ ብዙ ለቀስተኞች ግን አልደረሱም፤ የጸጥታ ኃይል መለሳቸው። እንዲያ የሚወደድ ሰው በተሸኘበት ስታዲየም ውስጥ የነበረው ሕዝብ ጥቂት ነበር።

ለቅሶ በእኛ ዘንድ ከሜዳ ኪነት ሁሉ የጠለቀው ነው። አልቃሹ ይገጥማል፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ደረት ይመታል፣ ሐዘንተኛው በሰው ብዛት ይጽናናል። ያን ዕለት ሥርጭት ነበረ፤ ክቡ ግን አልነበረም። አገር ሁሉ በአንድ ካሜራ ዓይን አየ፤ ሌላ ዓይን አልነበረም፤ ያየውን ደግሞ ለሌላው የሚልክበት መንገድ ተዘግቷል። የሚያይ እንጂ የሚመልስ አልነበረም። ሰው ሁሉ በየቤቱ ለብቻው አለቀሰ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሥርጭት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊሠራ ይችላል። ሜዳው ክፍት ሆኖ መምጣት ላልቻለው ሲደርስ ሜዳውን ያሰፋል። ሜዳው ተዘግቶ «በስክሪን እዩት» ሲባል ግን በሩን የሚገጥመው እሱ ራሱ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፣ ምስሉ አንድ ነው፣ የተመልካቹ ቁጥርም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ «ስንት ሰው አየው?» የሚለው መለኪያ ብቻውን አያስተማምንም። ከእሱ በፊት «ሊመጣ የፈለገ ሰው መምጣት ይችል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለምዕራብ ሸዋ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባለፉት ዓመታት የቆየው ግጭት የብዙ ሰው መንገድ ቆርጧል። ከባኮ አምቦ፣ ከጀልዱ ጊንጪ ለመሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ሲመሽ መንገድ ላይ መገኘት አይፈልግም። ለእንዲህ ያለ አገር ቀጥታ ሥርጭት ቅንጦት ሊሆን አይችልም። የጉደሯ አሮጊት የልጅ ልጇ አምቦ ላይ ስትዘፍን ካየች፣ እልልታዋም በስልክ ተመልሶ ከተሰማ፣ ግጭት የቆረጠውን አንድ ክር ሥርጭቱ ቀጠለ ማለት ነው። ይህን ማቃለል ነውር ነው። በዚያው ልክ ግን ሥርጭት አለ ብሎ መንገዱን መርሳት ሌላ ነውር ነው። ስክሪኑ የሰላም ምትክ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

ሌላም የማይነገር ጉዳይ አለ። ተመልካች ሲበዛ ወዳጅ ብቻ አይበዛም። ሜዳ ላይ ቆሞ ያጨበጨበ፣ ግጥም የተቀበለ፣ ዕንባውን ያበሰ ሰው ፊቱ ተቀርጾ ይቀራል፤ ነገ ማን እንደሚያየው፣ በምን ልብ እንደሚያየው አያውቅም። በክቡ ውስጥ ያለው ጨዋነት ሰው ሁሉ መተያየቱ ላይ ነው፤ አንተ ታየኛለህ፣ እኔም አይሃለሁ። ስልኩ ግን ያያል እንጂ አይታይም። ስለዚህ ካሜራ የያዘ ሰው ከማንም በላይ ዕዳ አለበት። ዘፋኙ ወደ መድረክ የወጣው ሊታይ ነው፤ የዳር ተመልካቹ ግን ፈቃዱን አልሰጠም። ደግሞም የማይተላለፍ ነገር አለ። ሴቶች ብቻቸውን በሚያደርጉት የአቴቴ ሥርዓት ላይ ስልክ ማንሣት የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም እነሱው ናቸው። «ይብቃ» ሲባል ስልክን ዝቅ ማድረግ ያላወቀ ሰው ጥበብን አሰራጨ አይባልም።

ካሜራው የት ይቁም የሚለው ጥያቄም ከዚሁ የሚወለድ ነው። ላይቭ በተከፈተ ቁጥር ክቡ ሲሰበር እናያለን። ጨፋሪዎቹ ፊት ለፊት መተያየታቸውን ትተው በአንድ ረድፍ ወደ ስልኩ ይዞራሉ፤ ከጀርባቸው ያለው ሕዝብ ጀርባቸውን ያያል። ዘፋኙ በአጠገቡ ያለውን ሽማግሌ ትቶ የማያየውን ሰው ሰላም ይላል። እንዲህ ሲሆን ሩቅ ላለው ሰው የምንልክለት ሜዳውን ሳይሆን ሜዳ የሚመስል ስቱዲዮ ነው። ያ ሰው የናፈቀው ግን ሜዳውን ነበር። ካሜራ በክቡ ዳር፣ ከሰዎች መካከል እንደ አንድ ሰው ይቁም እላለሁ፤ ሲጋርዱት ይጋረድ፣ ሲገፉት ይገፋ። የያዘውም ሰው ዜማውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ የጌረርሳው ሐረግ የት እንደሚከብድ፣ የሕዝቡ መልስ መቼ እንደሚመጣ ያውቃልና ስልኩን ወደ ዘፋኙ ብቻ አይደግንም። ከምስሉ ይልቅ ለድምፁ ይጨነቅ፤ የሜዳ ኪነት ግማሹ የሕዝቡ ድምፅ ነው።

«ታዲያ በአካል ያልነበረ ሰው ነበርኩ ማለት ይችላል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ይህን ሳስብ ሌላው የአምቦ ልጅ ትዝ ይለኛል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ክረምት ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየ፤ የኢትዮጵያ ቴአትር አንዱ ምንጭ እንግዲህ በአንድ የአውራጃ ከተማ የትምህርት ቤት መድረክ ላይ ፈለቀ። እሱ በተወለደበት በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስቶች ጥይት በአደባባይ ተገደሉ። ያን ጊዜ በቦታው ቆመው ያዩት ሰዎች የተወሰኑ ነበሩ። ጸጋዬ አላየም፤ ገና አልተወለደም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ያን ሰዓት ወደ መድረክ መለሰው፤ ከዚያ ወዲህ ያ አደባባይ ላልነበሩት ትውልዶች ሁሉ ሆነ።

ስለዚህ ምስክርነት በእግር ቆሞ በማየት ብቻ አይለካም። በአካል ተገኝቶ ረስቶት የሄደ ሰው አልነበረም። በሩቅ ሆኖ ያየ፣ የመለሰ፣ ያየውንም ተሸክሞ ለሌላ ያደረሰ ሰው ግን ነበረ። ቀጥታ ሥርጭት «አሁን»ን ይሰጣል፤ «ነበርኩ» ማለትን ግን አይሰጥም፤ ያንን ተመልካቹ በራሱ ይሠራዋል። የሚሠራውም መልስ በመስጠትና ኃላፊነት በመቀበል ነው።

ኃላፊነቱ በተግባር ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ሽልማት ነው። ሜዳ ላይ ዘፋኝ ሲያስደስት ሰው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ ይህ የኪነታችን የቆየ ሕግ ነው። በስክሪን የሚያየውም ሰው ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። አንድ ሰው ብዙ ሺህ ተመልካች አግኝቶ ጨፋሪዎቹ በባዶ ኪስ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ሥርጭቱ ጥበብን አላሳደገም፤ በላት እንጂ። ገንዘቡ ለባለቤቶቹ የሚደርስበት መንገድ ከዝግጅቱ በፊት በግልጽ ይወሰን።

ሁለተኛው ማኖር ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር በ1922 እ.ኤ.አ. የኦሮሞን ግጥምና ዘፈን በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ አብዛኛውን የተቀበለው እዚያው ጣሊያን አገር ከነበረ ሎራንሲዮስ ከተባለ ኦሮሞ ነው። ቃሉ ተረፈልን፤ ዜማው፣ ጭብጨባው፣ የሕዝቡ መልስ ግን ቀረ። ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬ ሁሉንም የሚይዝ መሣሪያ በየኪሱ አለ፤ ሆኖም በየሳምንቱ የሚተላለፈው ብዙው ሥራ የባለ ስልኩ ገጽ በተዘጋ ቀን አብሮ ይጠፋል። የዘፋኙ ስም፣ የአካባቢው ስም፣ ዕለቱ አይጻፍም። የምንሰበስበው ለማሳየት ብቻ ከሆነ ከቼሩሊ ዘመን የምንሻለው በፍጥነት ብቻ ነው።

ሦስተኛው መምጣት ነው። ሥርጭት ያየ ሰው እግሩ ሲችል ወደ ሜዳው ይምጣ። ልጁን ይዞ ይምጣ። ያ ልጅ በስክሪን የሰማውን «ሀ ታኡ» በራሱ አፍ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ በአንድ ትንፋሽ ይበል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ቀጥታ ሥርጭት ለሜዳ ኪነት ጠላት አይደለም፣ ምትክም ሊሆን አይችልም። ሜዳው ክፍት እስከሆነ፣ ካሜራው በክቡ ዳር እስከቆመ፣ ሩቅ ያለው ሰውም እስከመለሰ ድረስ ተገቢ ሥራ ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የባህል ባለሙያዎች ከየከተማው ወጣቶች ጋር ሆነው በአካባቢው የሚተላለፈውን ሥራ ከባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ከስማቸውና ከዕለቱ ጋር ለትውልድ የሚያኖር ማኅደር ያቋቁሙ። ስልክ የያዛችሁ ልጆች፣ ከመክፈታችሁ በፊት ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ጠይቁ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ አንቺም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከአምቦ ወይም ከጉደር ሜዳ ዜማ ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አታሳልፉት፤ ተቀበሉ።